ማኅተም ያረፈበት የማይነበብ ወረቀት

የበደለኝ ሰው ደምሴ ይባላል። የበደለኝ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በታይፒስትነት በምሠራበት ፋብሪካ የአስተዳደር ኃላፊ ሳለ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል ደሴ ላይ የገጠመኝን ነገር እሱን ሳላነሳ መናገር ስለማልችል ነው። ነገሩ ከሆነ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ብዙ አልቀመጥም።

የድሮውን ላስቀድም።

ፋብሪካው ያን ጊዜ ማስታወቂያዎቹን በኢንተርኔት ማውጣት ጀምሮ ነበር። እኔ በኮምፒውተሬ በአማርኛ እተይባለሁ፤ ደምሴ ወስዶ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። እኔ ጋ ጥርት ብሎ የሚታየው ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። አንድ ቀን የፈረቃ ለውጥ ማስታወቂያ እንዲህ ሆኖ ወጣና ሠራተኛው በተሳሳተ ሰዓት መጣ። ደምሴ ዝብርቅርቁን አተመው። ክብ ማኅተም አሳረፈበት። ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር አያይዞ ሰጠኝ። ደብዳቤው «በግዴለሽነት የማይነበብ ጽሑፍ በማዘጋጀትዎ» ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ ከተቀመጥኩበት ወንበር አስነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባኝ።

እኛ ዘንድ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ውሸት ነው የሚል የለም። አብረውኝ የሠሩት እንኳ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ምን ነካሽ ዘይነባ?» አሉኝ። ዓይንሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ያለችኝም ነበረች።

በዓመቱ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ለጥገና መጣች። ወረቀቱን አሳየኋት። አየችውና ሳቀች።

«ይሄ የርስዎ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። «የተየቡበት ፎንት፣ የፊደሉ ቅርጽ ማለት ነው፣ ያለው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሌላው ኮምፒውተር ፎንቱን ሲያጣ በራሱ ፊደል ይደረድረዋል። ሁሉም ላይ መጫን የነበረበት ለጥፎ ያወጣው ሰው ነው።»

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ኮምፒውተር አማርኛን እንዴት እንደሚያነብ፣ ምን ሲጎድለው እንደሚሳሳት አስረዳችኝ። ስትሄድ የአማርኛ ፎንቶች ያሉበት ትንሽ ፍላሽ ሰጠችኝ። ደምሴ ቢሮ ገብቼ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ደብዳቤው እኮ ማኅደር ገብቷል። ማኅደር የገባ ነገር አይወጣም» አለኝ። ሻዩን ጠጣ።

እስከ ጡረታዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆየሁ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ። ፍላሹን በጥቁር ክር አስሬ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠይቀኛል፣ ያኔ አውጥቼ አሳያለሁ እያልኩ ነበር። የጠየቀኝ የለም። ጡረታ ስወጣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ገባሁ። ደምሴም ፋብሪካውን ለቆ እዚያው ደሴ ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ቤት ከፈተ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ራህመት የሟች እህቴ ልጅ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ «እማ» ነው የምትለኝ። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ አጣች። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ገባች። ስትመጣ ጥጡ ከፀጉሯ አይወጣም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ዓይነት ቦታ ነው፤ እሷም እዚያው እንዳትቀር ነበር ጭንቀቴ ሁሉ። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ እቀጥራለሁ ብሎ ሲያስፈትን ተፈተነች። ውጤቱን ስንጠብቅ ወራት አለፉ።

አንድ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የራህመት ጓደኛ ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ያለፈ ሰው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮምቦልቻ ቀርቦ ዋናውን ማስረጃ ይዞ ይመዝገብ ይላል አሉ። ያልቀረበ በተጠባባቂ ይተካል። እኔ ስልክ ላይ አልከፍት አለኝ። ራህመት ስልኳን አታነሳም።»

ራህመት አታነሳም። ፋብሪካው የሠራተኛውን ስልክ በር ላይ ሰብስቦ እስከ ፈረቃው መጨረሻ ያስቀምጣል። የእሷ ፈረቃ የሚያልቀው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስሟ መኖሩን ሳላረጋግጥ ሄጄ ከማሽኗ ባስነሳት፣ የኮንትራት ሠራተኛ ናትና ያለችውንም ታጣለች። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ስሞቹን ግድግዳ ላይ አልለጠፈም፤ ስልኩንም የሚያነሳ የለም። ዝርዝሩን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

የራህመትን ዲግሪና መታወቂያ ከሳጥኑ አውጥቼ በክላሰር ያዝኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያ የድሮ ወረቀት ነበር። አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

የማውቃቸው ሁለት የኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ዝግ ነበር፤ አንዱ መብራት ጠፍቶበታል። ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ክፍት የነበረው የደምሴ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። እንደገና መጥቼ ገባሁ።

«እንዴ! ወይዘሮ ዘይነባ! እግርዎ እዚህም ይረግጣል?» አለ።

«ረገጠ» አልኩት። ድሮ «እርስዎ» እለው ነበር። ያን ቀን ግን «ዝርዝሩን ክፈትልኝ» አልኩት። ሰምቶታል፤ ቅንድቡ ከፍ አለ።

አግዳሚው ላይ ሰባት ስምንት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘዋል። ከእነሱ መካከል አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ አጠገቤ ነበረች።

ደምሴ ገጹን ከፈተው። ሙሉው ስክሪን ዝብርቅርቅ ነው።

«ያው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው» አለ። «ያወጡት ሰዎች አበላሽተውታል። ሰኞ ይምጡ።»

«ምዝገባው እኮ ዛሬ ያበቃል።»

«አብሽሩ! ያልታየ ዝርዝር እንዴት ያበቃል? ለሁሉም ማስረጃ እየሰጠሁ ነው።»

ዝብርቅርቁን ገጽ አተመልኝ። ከታች በእስክሪብቶ «ዝርዝሩ ሊነበብ አልቻለም» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ የሱቁን ክብ ማኅተም አንስቶ ደህና አድርጎ መታው። እጄ ላይ አስቀመጠው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያው ሰው ያንኑ ዓይነት ወረቀት ሰጠኝ።

አረንጓዴ ሻሽ ያሰረችው ልጅ «ይሄን ካሳየን አያስቸግሩንም አይደል ጋሼ?» አለችው።

«ማኅተም አለው እኮ እህቴ» አላት። ልጅቷ ወረቀቱን ሳታጥፍ ቀስ ብላ መጽሐፍ ውስጥ አስገባችው።

እኔ ስክሪኑን ማየቴን አልተውኩም። ቁጥሮቹ ደህና ናቸው፤ ተራ ቁጥሩም የፈተናው ነጥብም ይነበባል። የተበላሸው ፊደሉ ብቻ ነው። መስመሮቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ረጅም ናቸው። ታይፒስት የነበረ ሰው የመስመር ርዝመት በዓይኑ ይለካል። አንዲት ጭንቅላቷ ላይ ሰረዝ ያለባት የፈረንጅ ፊደል በየሦስት ምልክቱ ትመላለሳለች። ባለሙያዋ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝ። አንዷ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ በሦስት ቁራጭ ነው የምትቀመጠው። ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን ካልተነገረው ሦስቱን ቁራጭ ሦስት የፈረንጅ ፊደል አድርጎ ያነበዋል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። የድሮው የእኔ ችግር የፎንት ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ የአነባበብ ነው። አወቅሁት።

«ተነስልኝ፣ እኔ ልሞክረው» አልኩት።

ደምሴ ወንበሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ኧረ ወይዘሮ ዘይነባ! እርስዎንና ኪቦርድን አላህ ለያይቷችኋል፤ እኔ መልሼ አላጋባም!» አለ። ወደ አግዳሚው ዞሮ «ፋብሪካ ሳለን እሳቸው የተየቡትን የሚያነብ አስተርጓሚ እንቀጥር ነበር» አላቸው።

አግዳሚው ሳቀ። ባለአረንጓዴ ሻሿም ፈገግ አለች።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን በትክክል ልጻፍ። «ልጆች፣ ሰኞን አትጠብቁ፤ ይሄ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሌላ ኮምፒውተር ፈልጉ» ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አላልኩም። ሳቁ አቃጠለኝ። ሰኞ ይሳሳት፣ በሁሉም ፊት ይዋረድ፣ እኔ ያኔ እናገራለሁ ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ስለ ደምሴ እንጂ ስለ ልጆቹ አላሰብኩም።

ልጅቷ ተነሳች። «የገጠሩ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ «እናቴ፣ እርስዎም ሰኞ ይመጣሉ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ሄደች። እኔም ወጣሁ።

«ሰኞ ገበያ» በሚባለው ሰፈር ጦይባ የምትባል ጎረቤቴ የነበረች ሴት ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔት ግን አለው። ስደርስ ዘግታለች። ጁምዓ ነው። ባሏ መስጊድ ነው፣ እሷ ምሳ ልትሠራ ቤቷ ገብታለች። ስልኳን የሚያውቅ አጣሁ። በሩ ፊት ለፊት ከወዲያ ወዲህ አልኩ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «እትዬ፣ ተቀመጡ እንጂ፣ ሰውን አሰለቹት» ብላ ጆንያ አነጠፈችልኝ። ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ። አምስት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት፣ ስድስት ተኩል፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰዓቴን ከማየት ብዛት እጄ ዛለ።

ጦይባ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ዘይኔ፣ ኮምፒውተሩን እንዳይገድሉብኝ! ባሌ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚወድ» አለች።

ገጹን ከፈትኩ። እዚያም ዝብርቅርቅ ነው። በደምሴ ቤት ያለው ዓይነት ብሮውዘር፣ የገጽ መክፈቻ፣ ነበርና የሚነካ ነገር አላገኘሁበትም። ከጎኑ የቀበሮ ሥዕል ያለው ሌላ ብሮውዘር ነበር። በእሱ ከፈትኩት። ያው ነው። ባለሙያዋ ያሳየችኝን ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኪቦርዱ ግርጌ በግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ተደብቆ የነበረው የትእዛዝ መስመር ከላይ ብቅ አለ። እዚያ ውስጥ ጽሑፉ በምን እንደሚነበብ የሚመረጥበት ቦታ አለ። የፈረንጁ ላይ ነበር ምልክቱ። አማርኛን የሚያነበውን፣ ዩኒኮድ የሚለውን መረጥኩ።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። ዝብርቅርቁ ጠፋ። በምትኩ ስክሪኑ በሙሉ ባዶ ሣጥን በሣጥን ሆነ።

«በቃ! ጭራሽ ገደሉት!» አለች ጦይባ።

«ዝም በይ፤ እየዳነ ነው» አልኳት።

እየዳነ ነበር። መስመሮቹ አጥረዋል። ለአንድ ፊደል አንድ ሣጥን ሆኗል። ኮምፒውተሩ አሁን አማርኛ መሆኑን አውቋል፤ ግን የሚስልበት ፊደል የለውም። ጦይባ ወረቀት ታባዛለች እንጂ በአማርኛ ተይባበት አታውቅም፤ ፎንት አልተጫነበትም። ይህኛው ሁለተኛው በሽታ ነበር። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ከቦርሳዬ በጥቁር ክር የታሰረውን ፍላሽ አወጣሁ።

«ክታብ ነው እንዴ?» አለች ጦይባ።

«ነው» አልኳት።

ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አላወቀውም። አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ እፍ አልኩበት፤ በሌላው ቀዳዳ ሰካሁት። አላወቀውም። ስምንት ሰዓት አለፈ። ጦይባ ኮምፒውተሩን ዞራ ከኋላው ባለው ቀዳዳ ሰካችው፤ «ቢስሚላህ» አለች። ተከፈተ። ፎንቱን ጫንኩት። ሣጥኖቹ አልተነቃነቁም። ደነገጥሁ። ቆይቶ ትዝ አለኝ፤ ብሮውዘሩ ተዘግቶ መከፈት አለበት። ዘጋሁት። ከፈትኩት። ዝብርቅርቁ ተመልሶ መጣ። የትእዛዙን መስመር አወጣሁ፤ ዩኒኮድን መረጥኩ።

አማርኛ ሆነ።

ጦይባ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ከላይ ወደ ታች በጣቴ ወረድኩ። አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ የራህመት ስም ከነአባቷ ከነአያቷ አለ። ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት። ጣቴን አንስቼ ደግሜ አነበብኩት።

ሦስት ኮፒ አተምን። አንዱን ለጦይባ ሰጥቼ «ፒያሳ ደምሴ ቤት ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ ለጥፊው» አልኳት።

«ሱቄን ዘግቼ?»

«ዝጊ።»

አየችኝ። ዘጋች።

መናኸሪያ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ። ረዳቱን «ልጄ፣ የቀሩትን ሁለት ወንበሮች እኔ እከፍላለሁ፣ ሂድልን» አልኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ክላሰሩን ደረቴ ላይ አቅፌ እያንዳንዱን ኩርባ ቆጠርኩ። ጭነት መኪና ከፊታችን ነበር፤ ማለፍ አልቻልንም።

ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው አላስገባም አለኝ።

«ለቅሶ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ለቅሶ ካልሆነ ከፈረቃ ሰው አይጠራም እናቴ። ደንብ ነው።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። በእኔም ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ ሠራተኛ ከማሽኑ የሚነሳው ሰው ሲሞትበት ብቻ ነው። አዎ ለቅሶ ነው ማለት እችል ነበር። አልወደድኩትም። ዝርዝሩን አወጣሁና አርባ ሰባተኛውን መስመር አሳየሁት።

«ይቺን ልጅ ነው የምፈልጋት። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካልተመዘገበች ዕድሜዋን እዚህ ትጨርሳለች። አንተም በዚህ በር ስትገባ ስትወጣ ታያታለህ።»

አነበበው። እሱም ልጅ ሳይኖረው አይቀርም። ገባ።

ራህመት ጥጥ በጥጥ ሆና እየሮጠች መጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ስታየኝ ቆመች።

«እማ! አንቺ ነሽ? ማን ሞተ? እማ፣ ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም። ስምሽ ወጥቷል።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንስቼ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት።

መሥሪያ ቤቱ ጋ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው። መዝጋቢዋ ማስረጃውን አገላበጠች፤ ጻፈች፤ አስፈረመች። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ። መዝጋቢዋ መዝገቡን እያየች «ምነው ሰው እንዲህ ዘገየ? ከደሴ በኩል ብዙ ሰው አልመጣም» አለች።

ራህመት «እንጃ» አለቻት። እኔም ጠዋት ያልኩትን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

ማታ ጦይባ ደወለችልኝ። ወረቀቱን ምሰሶው ላይ አይተው ሁለት ልጆች በሩጫ ወርደው ደርሰዋል። ደምሴ ወጥቶ አነበበው፤ «ማን ነው ምሰሶ የሚያቆሽሸው?» ብሎ ገባ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ አልመጣችም።

ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደምሴ በር ፊት ቆሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ መጣች። አቧራ ለብሳለች፤ መጽሐፉን በብብቷ ይዛለች።

«እናቴ፣ መጡ! ተስተካከለ እንዴ?» አለችኝ።

ስሟን ጠየቅኋት። ሰዓዳ ትባላለች። ዝርዝሩን አወጣሁ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው፤ መቶ አሥራ ሁለተኛ መስመር ላይ አለች። ነጥቧ ከራህመት ይበልጣል።

ደምሴ በሩ ላይ ሆኖ ያየናል። «ዓርብ አይነበብም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ አስተካከሉት» አለ።

«አላስተካከሉትም» አልኩት። «ግባና አሁን ክፈተው።»

ገብቶ ከፈተው። ዝብርቅርቅ ነው። ብዙ ቀን በሐሳቤ የሠራሁት ሰዓት ይህ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን ነቀነቀና «እንግዲህ ማሽን ነው» አለ። የሚስቅ አልነበረም። የሚያፍርም አልነበረም። ሰዓዳ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ስሟን እያየች ቆማለች።

አብሬያት ኮምቦልቻ ወረድኩ። መዝጋቢዋ በመጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ የመጣውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ይሄ የማን ማኅተም ነው?»

«የኮምፒውተር ቤቱ» አለች ሰዓዳ።

«እሱ ምን አገባው? በተጠባባቂ ተተክተሻል እኮ እህቴ። አቤቱታ ካለሽ በጽሑፍ፣ ከነምስክሩ አምጪ።»

ወደ ደሴ ተመለስን። ጦይባ ቤት ገባን። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አሁን አማርኛ ይጽፋል። አቤቱታውን እኔ ተየብኩት። ዓርብ ዕለት ጽሑፉ ይነበብ እንደነበርና ልጅቷ ግን አይነበብም ተብላ እንደተመለሰች የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋት ነበር። በቦታው የነበርኩት፣ የማውቀውም እኔ ነኝ። ከላይ የእሷን ቃል ጻፍኩ። ከታች የምስክር ቃል ብዬ የራሴን ጻፍኩ፦ ችግሩ የአነባበብ መሆኑን በዚያው ሰዓት አውቄ ነበር፤ ከሱቁ ባለቤት ጋር በነበረኝ የቆየ ቂም ምክንያት ለአመልካቿ ሳልነግራት ቀርቻለሁ።

ሰዓዳ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች ነበር። እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

ጦይባ ወረቀት መቁጠር ጀመረች፤ የሚቆጠር ወረቀት አልነበረም። ከዚያ ሰዓዳ እስክሪብቶ ጠየቀች። ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ያን ቀን ጠዋት ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። የድሮውንና የአሁኑን ማኅተም ያለባቸውን ሁለት ወረቀቶች አያይዤ ለድሮው ፋብሪካዬ አስተዳደር ላስገባና ያ ደብዳቤ ከማኅደሬ ይውጣልኝ ልል ነበር። የአሁኑን ወረቀት ከሰዓዳ አቤቱታ ጋር አያያዝኩት፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት ማሳየቱ ይጠቅማታል ብዬ። የድሮውን ወደ ሳጥኔ መለስኩት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወርጄ አቤቱታውን መዝገብ ቤት አስገባሁ። መልሱ ገና አልመጣም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ወርጄ እጠይቃለሁ። ራህመት ሥራ ጀምራለች። ደምሴን ሰላም አልለውም።